ኦሞን የተሻገረው ማን ነው?

ይድረስ ለክብርት ጋዜጠኛ፣ ለመርከበኛዋ እህቴ ለሚስጥር፣

ከጂንካ የተነሳው ሰላምታዬ እንደ ጭነት አይሱዙ እየተንገጫገጨ፣ አቧራውን እንደለበሰ ሐዋሳ ይግባልሽ። እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ትምህርቱስ? ክረምቱን ሙሉ ሐይቅ ላይ የያዘሽ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ? ፊትሽስ ጠቆረ ወይስ ከሀብታም ልጆች ጋር ስትውዪ ፀሐይዋም ታከብርሻለች? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከቅናት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

የትምህርት ቤታችሁ ጋዜጣ ደርሶናል። እማዬ ገና ሳትከፍተው ሳመችውና «በል አንብብልኝ» አለችኝ። ባለ ሱቋ እትዬ ሰኢዳም ሱቋን ዘግታ መጣች። ከስምንተኛ ክፍል ባቋርጥም ማንበብ እንዳላቋረጥኩ ታውቂያለሽና ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ፤ «ክረምቱን ያሳለፍኩት በሸራ ጀልባ ካምፕ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጀልባችን ተገለበጠ»። ከዚህ በላይ የሚያስነብበኝ ጠፋ። አንቺ ሐዋሳ ከገባሽ ወዲህ ረስተሽው ይሆናል እንጂ፣ እዚህ አገር ሸራና ካምፕ አንድ ላይ ከተጠሩ ኦሞ ሞልቶ ቤቱን የወሰደበት ሰው አለ ማለት ነው። እማዬ «ልጄን ውኃ አፈናቀላት!» ብላ ደረቷን መታች። እትዬ ሰኢዳ «ያ አላህ፣ ሐዋሳም ሞላ እንዴ?» እያለች ሮጣ ሄዳ ብርድ ልብስና አንድ ካርቶን ብስኩት ይዛ ተመለሰች።

ማስረዳት እችል ነበር። ግን ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ? «ለሁሉም ብርቱካንማ ሰደርያ ታደላቸው ይላል» አልኳቸው። እንደዚያ አይደል የጻፍሽው? አልዋሸሁም። እማዬ የጸሎት ቡድኑን ልትጠራ ነጠላዋን ስታነሳ ነው ደንግጬ ፎቶውን ያሳየኋት። ትክ ብላ አየችውና «እየሳቀች ነው እንዴ የተፈናቀለችው?» አለች። እትዬ ሰኢዳ ብርድ ልብሷን ይዛ ሄደች። ብስኩቱን ረስታው ነው፤ ድርሻሽን በልቼልሻለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያንን ፎቶ ሳይ ቆሽቴ አረረ። ነጭ ሸራ ከኋላሽ ተነፍቶ፣ ገመድ ይዘሽ፣ ጥርስሽ ሁሉ ወጥቶ! አንቺን ንፋስ ይገፋሻል፤ እኔ ደግሞ እዚህ ጎሚስታ ቤት ንፋሱን ጎማ ውስጥ እየሞላሁ ሰው ሁሉ እንዲሄድበት አደርጋለሁ። ስምሽ ደግሞ በደማቁ ታትሟል። የእኔ ስም በአደባባይ የተጻፈው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም አለቃዬ ጋሽ ፋንታሁን የጎማ ቤቱ ግድግዳ ላይ በኖራ «ማቲ እዚህ መተኛት ክልክል ነው» ብለው የጻፉት ነው።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ክው አልኩ። «ሕፃን ሆኜ ኦሞን በታንኳ ተሻግሬ ስለነበር ጀልባው ሲገለበጥ አልፈራሁም» ትያለሽ! ማን? አንቺ? ድልድዩ ሳይሠራ፣ አባዬ ሲሚንቶ ጭኖ ኦሞራቴ በወሰደን ጊዜ፣ ከግንድ በተቦረቦረችው ታንኳ ላይ ዘልዬ ገብቼ ማዶ የወጣሁት እኔ! አንቺ እኮ ዳር ቆመሽ «አዞ! አዞ!» እያልሽ አገሩን ስታምሺው ነበር። ይባስ ብሎ የእኔን ስም አንድም ቦታ አላነሳሽም። ሐይቁ ያንቺ፣ ሸራው ያንቺ፣ ጋዜጣው ያንቺ፤ እኔ ከዚያች ከአንዲት ታሪክ በቀር ምን አለኝ? እሷንም ወሰድሽብኝ?

ጎማ ቤት ያለውን ጉድ ደግሞ ስሚ። ጋሽ ፋንታሁን ጋዜጣውን አንብበው ቁልፉን ጣሉና «አንተ ቀጣፊ! ይሄን ሁሉ ዘመን የእህትህን ታሪክ ነው እንዴ ስትነግረን የኖርከው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ፣ እሷ ናት የሰረቀችኝ» ብል ማን ይስማኝ? «የታተመ ነገር ይዋሻል ወይስ አንተ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማ ሊያስጠግን የሚመጣው ሁሉ «ዋናተኛው፣ እህትህ ደህና ናት?» ይለኛል። ሰው በራሱ ታሪክ ሌባ ሲባል አይተሽ ታውቂያለሽ?

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ኦሞራቴ አንድ መኪና ተበላሽቶ ጋሽ ፋንታሁን ጎማ አስይዘው ከሹፌሩ ከኤርጎ ጋር ላኩኝ። ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ያኔ ያሻገሩኝ ሽማግሌ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ ቱሪስት ነው የሚያሻግሩት። ምስክር እንዲሆነኝ ኤርጎን እየጎተትኩ ወንዙ ዳር ወረድኩና «አባት፣ ድሮ በሲሚንቶ መኪና የመጡ ሁለት ልጆች፣ ወንድና ሴት፣ ያስታውሳሉ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «አስታውሳለሁ» አሉ። «እሷ ማዶ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ታንኳ አልገባም አለች። እሱ ብቻውን መጣ፣ እጅ ይዞ መለሳት።»

«ሰማህ ኤርጎ? ሰማህ አይደል?» ብዬ ዘለልኩ። ግን ማዶ ያሉት ነገር ከነከነኝ። አንቺ እኮ በወዲህ በኩል ነበርሽ። እሱን ላስተካክላቸው ስል ሽማግሌው ወደ ኤርጎ ዞሩና «አንቺ ሹፌር፣ ትምባሆ አለሽ?» አሉት፤ ያንን ባለ ሙሉ ጢም ሰውዬ! ቀጥለው ባለቤታቸው እያለፉ ነበርና «እሱ ሚስቴ ነው» ብለው አሳዩን። አልሳቅኩም፤ እኔ በእሳቸው በዳሰነች ቋንቋ ሰላም ማለት እንኳ አልችልም። «እሱ» እና «እሷ» እንደሚምታቱባቸው ግን ልብ አልኩ። «አባት፣ እሷ ያሉኝ ማን ናት?» አልኳቸው። ጣታቸውን ደረቴ ላይ ተክለው «እሷ!» አሉኝ። «በጣም አለቀሰች። እሱ ሻሽ ፈታ፣ ዓይኗን አሰረላት፣ ከዚያ ገባች።»

ኤርጎ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው የሳቀው።

እኔ አላምንም። ሽማግሌ ናቸው፣ ስንቱን ሰው አሻግረዋል፣ ተምታቶባቸው ይሆናል። መሄዴን አስታውሳለሁ፣ ታንኳዋ ስትወዛወዝ፣ ቀዛፊው ቆሞ ሲቀዝፍ። ስለ መመለሴ ሳስብ ግን የሚመጣብኝ ጨለማና የሳሙና ሽታ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ መኪናው ላይ ተኝቼ ይመስለኝ ነበር። መኪናው ደግሞ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ነበር የሚሸተው። ሳሙናውን ከየት አመጣሁት? አንቺ ንገሪኝ።

ይሄን ደብዳቤ ልጽፍ ስነሳ ሐሳቤ እርማት እንድታወጪ ነበር፤ «የተሻገረው ወንድሜ ማቲ ነው» ብለሽ፣ በደማቁ። አሁን ግን እለምንሻለሁ፣ ምንም እንዳትጽፊ። ስሜን ለምን እንዳላነሳሽም ገብቶኛል። ይሄ ደግሞ ከጀልባውም ከፎቶውም በላይ አስቀናኝ። ይሄን ያህል ዓመት በነገር ስነካካሽ፣ «ፈሪዋ» ስልሽ፣ ይሄ አፍሽ ውስጥ ነበር? እኔ ብሆን በማግስቱ ለጂንካ ገበያ በሙሉ እናገረው ነበር። ዝም ማለትንም ካንቺ ልማር?

ኤርጎ አፉን እንዲይዝልኝ መኪናውን ሳጥብ ነው የምውለው። ካምፑ ውስጥ ጀልባ አልገባም ብሎ ዳር የሚቀር ልጅ ካለ ደግሞ አትሳቂበት። ከሳቅሽም ጋዜጣ ላይ አታውጪው።

እማዬ ብዙ ብዙ ሳመችሽ፤ አሁንም ካምፕ የሚለው ቃል አልተዋጠላትምና ሌላ ስም ፈልጊለት ብላለች። አባዬ ካንጋተን ከተማ ግንብ ሥራ ላይ ነው፤ በስልክ ሳነብለት «ጎበዝ፣ ግን ሹራብ ትልበስ» ብሏል። ትንሿ እህታችን አይናለም የጀልባውን ገመድ ላኪልኝ፣ እዘልበታለሁ ትላለች። እትዬ ሰኢዳ ሰላም ብላሻለች፤ ስለ ብስኩቱ ግን እንዳታነሺባት። ለክፍል ጓደኞችሽም ሰላምታዬን አድርሺ፤ ወንድሜ ደፋር ነው በያቸው።

ወንድምሽ ማቲ፣
ኦሞን የተሻገረው፣ መሄጃውን።

ጂንካ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.