የተመለሰው ስኳር

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ተቀበሉት! ሙዚቃ አሳታሚዎቹ የልጄን የነዊዳድን አልበም ተቀበሉት! የመጀመሪያቸው... ዘጠኝ የሮክ ዘፈን። ሁለቱ ብቻ እንደገና ተቀድተው እስከ ወሩ መጨረሻ ይድረሱን ብለዋል።

ጣሪያ ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። ልጄ ከበሮ ከምትደበድብበት የጣሪያ ክፍል በሩን በርግዳ ወጣች። «እማ! እሺ አሉን!» ምን ላድርግ? እልል አልኩ። ሦስት ጊዜ። ከየጣሪያው መለሱልኝ። ያቺ ከታች ያለችው ሐጃ ሩቂያ እንኳ በመስኮት ብቅ ብላ እልል አለች። ሁለት ዓመት ሰላም ያላለችኝ! ምን ነካት?

አርብ፣ መጋቢት 5

ምን እንደነካት ገባኝ። ከአርብ ምሳችን ከኩስኩሱ በኋላ በር ተንኳኳ። ሐጃ ሩቂያ፣ ከኋላዋ ሦስት ጎረቤቶች። ሁሉም ልጅ ስትታጭ ለእንኳን ደስ ያለሽ የሚወሰደውን፣ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ጠጣር ሾጣጣ ስኳር ታቅፈዋል።

«እንኳን ደስ ያለሽ ባቱል! ሙሽራው የማን ልጅ ነው?»

እንዴት አላሰብኩትም? ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያላት እናት ጣሪያ ላይ እልል ስትል ካዛብላንካ ውስጥ ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? እዚያው በሩ ላይ ብናገር ምን ነበረበት... ግን ስኳሩን ተቀበልኩ። ሻይ ቀዳሁ። ደስ አለኛ! ዊዳድ የከበሮ መምቻዋን እንደያዘች ገባች። «የምን ሙሽራ? አልበማችን ነው እኮ።»

ሐጃ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ለዚህ ቆርቆሮ ድብደባ ነው እልል ያሰኘሽኝ? አምጪ ስኳሬን!» ከጠረጴዛው ላይ መንጭቃው ወጣች። ሌሎቹ የየራሳቸውን ትተው፣ አፍረው ተከተሏት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ሐጃ ፊርማ እያሰባሰበች ነው። የጣሪያው ክፍል ይዘጋ ብላ። ሁለት ዘፈን እየቀራቸው! የሚቀዱት እዚያው ነውና ክፍሉ ከተዘጋ አልበሙም አበቃለት። ባሌን ድሪስን ደረጃ ላይ ያዘችው። አውቶቡስ ሲነዳ ማንንም የማይፈራ ሰውዬ... «ከጎረቤት ተጣልተን የት እንኖራለን?» ይለኛል።

«ፈረምክ?»

«ነገ አልኳት።»

ነገ! እራት አልሰጠሁትም። ዊዳድ ሰምታ ኖሯል። ያን ሁሉ ከበሮ የምታንጫጫ ልጅ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ሊጤን ይዤ ሁሉም ዳቦውን ወደሚያስጋግርበት የሰፈር ምድጃ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም። ሐጃም አለች፣ ከነወረቀቷ። «ፈርሙ እንጂ!»

ዝም ልበል? «ፈርሙላት» አልኩ። «ግን መጀመሪያ ጠይቋት፤ ለእንኳን ደስ ያለሽ ያመጣችልኝን ስኳር የት አደረሰችው?»

ጋጋሪው ሳይቀር ዞረ። «መልሰሽ ወሰድሽ? የደስታ ስኳር?»

«የምን ደስታ! ጋኔን የሚጠራ ጩኸት!»

«ሐጃ፣ አንቺስ በሚያዝያ ልጅሽን ትድሪ የለም እንዴ?» አለች አንዷ። «እኛም ስኳራችንን አምጥተን፣ ሙዚቃው ካልጣመን ይዘን እንመለስ?»

ፊቷ ሊጥ መሰለ። ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች። እኔማ ደስ አለኝ። ክፉ ነኝ? ልሁና!

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ጠዋት በሩን ስከፍት ስኳሩ ደጃፌ ቆሟል። አላንኳኳችም። ወረቀቱ ተቀዷል፣ ጫፉም ተሸርፏል... ቀምሳዋለች! ድሪስ አይቶ ሳቀ። «እንግዲህ የኔም ነገ ቀረ» አለ። ከሷ በቀር አንድም ሰው አልፈረመም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

አለቀ! ሁለቱም ተቀዱ። ድሪስ ራሱ ሲቀዱ በሩ ላይ ቆሞ ሰው እንዳይገባ ሲጠብቅ ዋለ።

የአልበሙን ሽፋን አሳዩኝ። የሐጃ ስኳር፣ ከነተቀደደ ወረቀቱ፣ ከበሮው ላይ ተጎልቶ! ስሙም «የተመለሰው ስኳር»። ሐጃ ወሬው ደርሷት ደረጃ ላይ ጠበቀችኝ።

«ስኳሬን ለዚያ ጩኸት?»

«አዎ ሐጃ። አገር ሊያውቅሽ ነው።»

«ወይ መዓት! ለመሆኑ በደንብ ይታያል?»

አልታረቅንም። መታረቅም አላማረኝ። ግን የፊታችን ቅዳሜ፣ መጋቢት 27፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ጣሪያው ላይ የአልበሙ ድግስ ነው... ሁሉም ይመጣል። ምክንያቱን አስቀድሜ ለሁሉም ነግሬ ነው እልል የምለው። እሷም ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ትምጣ። ያንን ስኳር እፊቷ በመዶሻ ሰብሬ፣ የመጀመሪያውን ሻይ ለሷ ነው የምቀዳው። ቅዳሜ!