አባታችን በአደባባይ የሰጡት ቃል

ይድረስ ለማልጠግብሽ እታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? በእናንተ ከተማ ብርዱ ቀድሞ ይገባል ሲሉ ስለሰማሁ፣ ያ ደረትሽ እንዳይነሣብሽ ሳስብ ሰነበትኩ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ትምባሆው ተቆርጦ ጎተራ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ዘንድሮ ቅጠሉ ሰፊ ነው። አባታችንም ከሪሃቸው በቀር ጤነኛ ናቸው። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ «ያቺ የሰሜኗ ሴትዮ ሌላ ልጅ ወለደች የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ፤ አንቺን ማለታቸው ነው። «አዎ፣ ወንድ ልጅ» ብላቸው፣ «እንግዲህ ለንጉሥም ኮፍያውን የማያወልቅ አንድ ሰው ተጨመረ በይኛ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ለሰው ኮፍያ ማውለቅን በማይፈቅደው በባለቤትሽ ሃይማኖት መቀለዳቸው ነው፤ ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽን ልጅ አስቀድመሽ አስቀምጪያት፤ የሚቀመስ ነገርም ስጪያት፤ መርከቡ ሳያንገላታት አልቀረም። ኬዝያ ናት፤ እኔንና አንቺን ያሳደገችን የሞግዚታችን የዮዲት ልጅ። ባልሽን ተከትለሽ ስትሄጂ ገና ትንሽ ነበረች። አሁን ብታያት አታውቂያትም። ወይም ታውቂያታለሽ።

አምና በመከር ወደ አውራጃችን ትኩሳት ገባ። ሐኪሙ ራሱ ቤቱን ዘግቶ አልወጣም አለ። አባታችን ሲወድቁ ከአጠገባቸው ያልተለዩት ዮዲትና ኬዝያ ነበሩ፤ እኔ ከወንዙ ማዶ የራሴን በሽተኞች ይዤ ነበር። እናትና ልጅ ከአባታችን አልፈው የጎረቤቱን ሁሉ እያገላበጡ አስታመሙ። በኋላ አባታችን ሲነሡ ዮዲት ወደቀች። ልሰናበታት ስመጣ፣ አባታችን መኝታዋ አጠገብ ተቀምጠው እጇን ይዘው አገኘኋቸው። የለመነቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ የማንም ንብረት ሳትሆን ትኑር።» እሳቸውም «ይሁን» አሏት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የቨርጂኒያን ሕግ ታውቂዋለሽ። ጌታው ስለ ወደደ ብቻ ባሪያ ነጻ አይወጣም፤ አገረ ገዢውና አማካሪዎቹ «ትልቅ ውለታ ውላለች» ብለው ሲፈቅዱ ነው። ታዲያ ዕድሜውን በምክር ቤት ወንበር የጨረሰ፣ ከአገረ ገዢው ጋር በአንድ ገበታ የሚቀመጥ ሰው ይህ ያቅተዋል? አላቃታቸውም፤ አዘገዩት እንጂ። መጀመሪያ «ሪሄ ይሻለኝ» አሉ። ቀጥሎ «ትምባሆው ይተከል» አሉ። ከዚያ ምርጫ ታወጀና «ከምርጫው በኋላ» ሆነ።

የተወዳደራቸው ማን እንደሆነ ብትሰሚ ትስቂያለሽ። የእናታችን ወንድም፣ አጎታችን ማርማዱክ! ጠባቸው በወፍጮው ውሃ ነው ይላሉ። እኔ ግን ለአንድ ግቢ ሁለት አውራ ዶሮ በዝቶበት ነው እላለሁ። የአጎታችንን ምላስ መቼም አትረሺውም። ችሎት በዋለበት ቀን፣ ሕዝቡ ሜዳው ላይ እንደ ተሰበሰበ ብርጭቋቸውን አንሥተው፣ «ኮሎኔል ጋዊን ትሬስኮት እኮ ቆጣቢ ናቸው፤ መስታወት አይገዙም! መልካቸውን ማየት ሲያምራቸው ‘ኬዝያ፣ ሻይ አምጪ’ ይላሉ» አሉ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አባታችን አልሳቁም።

በሳምንቱ አንድ ወሬ ደረሰኝ። ኬዝያን ካሮላይና ላለ የክርስትና ልጃቸው የሰርግ ስጦታ አድርገው ሊልኳት ነው፤ ያውም ቶሎ፣ ከምርጫው በፊት።

ሠረገላዬን አስጠምጄ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ናቸው፤ የታመመ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለዋል። «በዚህ ፀሐይ ምን አመጣሽ?» አሉኝ። ለዮዲት የገቡትን ቃል ላስታውስ መምጣቴን ነገርኳቸው። «ይህ የፖለቲካ ነገር ነው ልጄ፤ ሴት አይገባትም» አሉ። «ልክ ነዎት፣ እኔ ድምፅ የለኝም፤ ጭሰኞቼ ግን አላቸው» አልኳቸው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሬቱን ለዕድሜ ልካቸው ስላከራያቸው እንደ ባለ ርስት ይመርጣሉ። ይህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፤ ጭሰኞቼን ከቆጠሩ ሰንብተዋል።

«ለማርማዱክ ልትሰጪብኝ ነው?» አሉ ፊታቸው ቀልቶ።

«ለማንም አልሰጥም። ሜዳው ላይ ቆመው ፒፓቸውን ያጨሳሉ።»

«ከወለደሽ አባት ጋር ገበያ ወጣሽ?»

«ከማን ተማርኩት? ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ ገበታ ላይ ሰው ሲያግባቡ አይደል ያሳደጉኝ?» አልኳቸው።

«ውጪልኝ!» አሉ። ወጣሁ። ስወጣ ግን ኬዝያን «ነይ፣ የምትሰፋልኝ ልብስ አለ» ብዬ ሠረገላው ላይ አሳፈርኳት። ከኋላ ሲጮኹ ይሰማኛል፤ ሪሁ ግን ከወንበራቸው አላስነሣቸውም። ሪህን ያመሰገንኩት በዚያ ቀን ብቻ ነው!

የምርጫው ዕለት ፍርድ ቤቱ ደጅ ሰው እንደ ጉንዳን ፈላ። የአባታችን አሳማ በአንድ ወገን ይጠበሳል፤ የአጎታችን በሌላ ወገን። መራጩ ሁለቱንም ይበላል። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ከሸሪፉ ጎን ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ሰው ቀርቦ የመረጠውን ስም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የተመረጠው ተነሥቶ እጅ ይነሣል። እስከ ከሰዓት አንዱ ሲቀድም ሌላው ሲደርስበት ዋሉ። ጭሰኞቼ በሽማግሌው በባርናቢ መሪነት ዛፍ ሥር ቆመው ፒፓቸውን ያጨሳሉ። እኔ ሠረገላዬ ላይ ነኝ፤ ኬዝያ ከጎኔ።

ሸሪፉ «የቀረ መራጭ ከሌለ ልዘጋ ነው!» ብሎ ሲጣራ፣ መጀመሪያ የመጡት አጎታችን ናቸው። «የእህቴ ልጅ፣ ደም ከውሃ ይወፍራል» አሉኝ። «እኔም የማስበው ስለ ደም ነው፤ ደም የሚቀለድበት ነገር ነው እንዴ?» አልኳቸው። ኬዝያን አዩ፤ ከዚያ የጫማቸውን ጫፍ አዩ። ተመለሱ።

ቀጥሎ አባታችን እያነከሱ መጡ። በሹክሹክታ «ነገ እጽፋለሁ። አሁን ሰዎችሽን ላኪ» አሉ።

«እዚህ ሜዳ ድሀውም ሀብታሙም ስም የሚጠራው ጮክ ብሎ ነው፣ አባባ። እርስዎም ጮክ ብለው ይበሉት።»

«ልታዋርጂኝ ነው?»

«ያዋረደዎት ዝምታው ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው ኬዝያን አዩዋት። ዓይኗን አልሰበረችም። ምን እንዳነበቡባት አላውቅም። ዞር አሉና ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጎረቤቶቼ!» አሉ በዚያ የምክር ቤት ድምፃቸው። «በትኩሳቱ ጊዜ አፋችሁ ላይ ውሃ ያደረገችላችሁን ታስታውሳላችሁ። ዮዲትን ቀብረናል። ልጇ ይቺውና። ነጻ እንድትወጣ አገረ ገዢው ፊት የምቆመው እኔ ራሴ ነኝ፤ ብመረጥም፣ ባልመረጥም!»

ይህን የመጨረሻውን እኔ አልጠየቅኳቸውም፣ እታለሜ። ከራሳቸው የወጣ ነው።

አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዱም «ነገ ደግሞ የኔ ባሮች ይህንኑ ሊጠይቁ ነው!» ብሎ ተራግሞ ሄደ። ባርናቢ ግን ፒፓውን ጫማው ላይ አራገፈና ወደ ጠረጴዛው ሄዶ «ኮሎኔል ጋዊን ትሬስኮት!» አለ። አባታችን በታመመው እግራቸው ቆመው ለእያንዳንዱ ጭሰኛ እጅ ነሡ። በጥቂት ድምፅ አሸነፉ። አጎታችንም ሳይቀየሙ «በእህቴ ልጅ ከተሸነፍኩ ወንበሩ ከቤት አልወጣም» ብለው የእኛን አሳማ ሲበሉ አመሹ።

አባታችን ቃላቸውን ጠበቁ። ፈቃዱ ሲወጣ ሦስታችንም አገረ ገዢው ወዳለበት ወደ ዊልያምስበርግ ሄድን። ጸሐፊው «ኬዝያ ማን?» ብሎ ሁለተኛ ስሟን ጠየቀ። አባታችን አፋቸውን ከፈቱ፤ ምን ሊሉ እንደነበር እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ። እሷ ቀደመቻቸው።

«ኬዝያ ዮዲት ብለው ይጻፉ።»

«ዮዲት የሴት ስም ነው» አላት።

«ያሳደገችኝም ሴት ናት» አለችው።

የአባታችን ኮፍያ ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ማለት እንደማይችሉ ስለምታውቅ አንሥታ ሰጠቻቸው። «ተባረኪ፣ ልጄ» አሏት። ይህን ቃል ሰው ለማንም ይለዋል፤ እሳቸው ግን ለማንም እንደማይሉት አንቺ ታውቂያለሽ።

በመንገድ ላይ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ነጻነትሽን ሰጡሽ» አልኳት። «ሰጡኝ አትበይ፤ መለሱልኝ በይ» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ «እርስዎ» ስትለኝ የኖረች፣ ያን ጊዜ «አንቺ» አለችኝ። ዘለዓለም እንዲሁ ስንነጋገር የኖርን መሰለኝ። ትንሽ ቆይታ ግን «ያንቺዎቹስ?» አለችኝ፤ ከወንዙ ማዶ የእኔን ትምባሆ የሚያመርቱትን ማለቷ ነው። ቤት እንደ ደረስኩ የስማቸውን መዝገብ አወጣሁ። ከእነሱም በትኩሳቱ ጊዜ ያስታመሙትን በየስማቸው ለአገረ ገዢው አቅርቤያለሁ። ሌሎቹን በምን መንገድ እንደምጠይቅ እየመከርኩ ነው፤ አባታችን ያግዙኛል፣ ባያግዙኝም ሌላ ምርጫ አይቀርም። እኔን ታውቂኛለሽ፤ የያዝኩትን አልለቅም።

የት መኖር እንደምትፈልግ ስጠይቃት፣ ሳታመነታ አንቺ ጋ ነው ያለችኝ። በሽተኛ በማስታመም ራሷን ችላ ትኖራለች እንጂ እንድታስጠጊያት አልልክልሽም። እንደ እንግዳ በእንግዳ ክፍል አታሳድሪያት፤ እንደ ሠራተኛም ኩሽና አታውዪያት። ገበታሽ ላይ ወንበር ጨምሪ። መሸት ሲል፣ የራስ መሸፈኛዋን ስታወልቅ፣ መብራቱን ጠጋ አድርገሽ ግንባሯን እዪው። ከዚያ በኋላ ምንም አትጠይቂኝም። ልጆችሽ «ምን ብለን እንጥራት?» ቢሉሽም አትጨነቂ፤ እኔ ብመጣ የሚጠሩኝን ይጥሯት።

ቤትሽን በረከት አይለየው፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ደረትሽንም ከብርድ ይሰውርልሽ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ኮፍያውን ባያወልቅም አልቀየመውም።

ሁልጊዜም የምትናፍቅሽ፣

መካከለኛዋ እህትሽ