መጋዙ ለልጄ አይሰጥም

ዛሬ መስከረም ሃያ ስምንት ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን የኑዛዜ ቃሌን እሰጣለሁ። የታመመው ደረቴ ነው እንጂ አእምሮዬ ጤነኛ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ የሚያስገድደኝም አልተወለደም። ፊደል ስላልቆጠርኩ የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ያልኩትን እንዳለ ሊጽፍ፣ ላያሳምርልኝ ተስማምተናል።

ዕድሜዬን ሙሉ የመናፈሻ አትክልተኛ ነበርኩ። ወራሾቼ ሁለት ናቸው፤ ቀለም ቀቢው የበኩር ልጄና ታናሽ እህቱ።

በመንገድ በኩል ያለው ትልቁ ክፍል ከነበረንዳው ለበኩር ልጄ ይሁን። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በአንዲት ክፍል ተጣቦ ሲኖር አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። በጓሮ በኩል ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ለሴት ልጄ ይሁኑ። በዛላት ብሎ የሚያጉረመርም ካለ፣ እናቷ ስትታመም ሥራዋን ትታ ያስታመመቻት እሷ መሆኗን ያስታውስ። አልጋዬንም እሷው ትውሰድ። ሬዲዮዬ ለፀጉር አስተካካዩ ወዳጄ ይሰጥ፤ ልጆቼ እንደሆኑ ገና ሲከፈት "አባባ፣ ቀንሰው" ከማለት ሌላ ጥቅሙን አያውቁም።

አሁን ወደ ዛፉ ልምጣ። ጸሐፊው "ጋሼ፣ ዛፍ እኮ ከግቢው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ለብቻው ምን አስጻፈው?" አለኝ። ጻፍ አልኩት። ጻፈ።

ዛፉ በመስኮቴ ፊት ለፊት የቆመው ነው። ወገኖቹ በመናፈሻው ውስጥ ነበሩ። ሌላው አበባ ሁሉ ፈክቶ ጎብኚ ሲከብበው፣ እነዚህ ቅጠላቸውን ብቻ ይዘው ዝም ይላሉ። አለቃችን "እነዚህ መካን ናቸው" ብሎ አስነቀላቸው። ሟች ባለቤቴ የዚያን ቀን ምሳዬን ልታደርስ መጥታ ነበር፤ ከተነቀሉት መካከል አንዱን ችግኝ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተክላ ይዛው ገባች። "ሌላው ሲጨርስ የሚጀምር ነገር እኔ ደስ ይለኛል" አለች። ሳገባትም እንዲሁ ብላኝ ነበር፤ ዘግይቼ ነው ያገባሁት።

ይህ ዛፍ የሚያብበው ኅዳር ሲጋመስ፣ ሌላው አበባ ረግፎ ካለቀ በኋላ ነው። የሚያብበውም በዚያው ክረምት ባወጣው ለጋ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ልጄ ግን ዝናቡ ገና ከማቆሙ መጋዝና መቀስ ይዞ ይወጣና እንደ ኳስ አድርጎ ይከረክመዋል። ከእኔው ነው የተማረው፤ የመናፈሻውን የቁጥቋጦ አጥር በዚያ ወቅት ስከረክም እያየ ነው ያደገው። አጥር ሌላ፣ ይህ ሌላ ብዬ ብዬ አፌ ደከመ። "አባባ፣ ሊጠይቅህ የሚመጣ ሰው የአትክልተኛ ግቢ ጫካ መስሎ ሲያየው ምን ይላል?" ይለኛል። ለእኔው ክብር ብሎ ነው፤ ያበገነኝም ይኸው ነው። ተንኮል ቢሆን ኖሮ ድሮ አባርሬው እገላገል ነበር።

ያበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጄ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ በከረመበት ዓመት። እናቱ ወንበሯን አውጥታ ሥሩ ተቀምጣ አየችው። ጎረቤትም አየ። እሱ ሲመለስ አበባው ረግፎ ነበር። እስከ ዛሬ ስንነግረው ይስቃል፤ "የአባባ ዛፍ እኔን ሲያይ ያፍራል" ይላል።

ዘንድሮ ታምሜ ስተኛ እሱም እኔን ሐኪም ቤት ሲያመላልስ ጊዜ አጣ፤ ዛፉ ሳይነካ ቀረ። እምቡጡ ጫፍ ጫፉ ላይ ተቋጥሮ ይታየኛል። ትናንት ግን መጋዙን አስሎ መመለሱን ሰማሁ። ይህን ሁሉ ምስክር የሰበሰብኩት ለዚህ ነው እንጂ ክፍል መከፋፈሉማ ለልጆቼም አይጠፋቸውም።

ስለዚህ ዛፉ የሴት ልጄ ይሁን። ዙሪያው በሲሚንቶ አይለሰን፤ ሥሩ ይታፈናል። መከርከም ካስፈለገ አበባው ከረገፈ በኋላ፣ ያውም በልክ። መጋዙና መቀሱ ለልጄ አይሰጡም፤ ዛሬውኑ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ወስዳ ታስቀምጣቸው። ልጄ ይህን ቃል ከጣሰ ትልቁ ክፍል ለእህቱ ይለፍ።

ይህ ሲነበብ ልጄ ከሥራ ደርሶ፣ እጁ ቀለም እንደነካው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እህቱ "አንተ፣ ክፍሉን ለቅርንጫፍ ብለህ ልታጣው ነው" ብላ አሾፈችበት። አልሳቀም። ወጥቶ መጋዙንና መቀሱን አመጣና ለልብስ ሰፊዋ አስረከበ። ከዚያ እግሬ ሥር ተቀመጠ።

"አባባ፣ ግን ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?" አለኝ።

የሠፈሩን ግድግዳ ሁሉ የቀባ ልጅ ነው። ይህን ሲጠይቀኝ ግን ገና ዛሬ ነው።

"አልነግርህም" አልኩት። "እጅህን ሰብስበህ ኅዳርን ጠብቅ። እኔም እጠብቃለሁ።"

ጸሐፊው ይህም ይግባ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይግባ።

ቃሌ ከዳር እስከ ዳር ተነቦልኝ፣ ያልኩት መሆኑን አውቄ በቀኝ አውራ ጣቴ አትሜበታለሁ።

የተናዛዡ የጣት አሻራ ___________

ምስክሮች፦
ልብስ ሰፊዋ፣ ፊርማ ___________
ጡረተኛዋ ነርስ፣ ፊርማ ___________
ዳቦ ጋጋሪው፣ ፊርማ ___________
ቃሉን የጻፈው ጸሐፊ፣ ፊርማ ___________

አራቱም ዛፉ ያበበ ጊዜ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። እምቡጡ እስኪፈነዳ ድረስ ቀለሙን ለልጄ ላይነግሩ በዚሁ ፊርማቸው ግዴታ ገብተዋል።