ሳላስፈቅድሽ ስለ ሸሚዙ ጻፍኩ

ለናፈቅሽኝ ለእማዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ሳልሽ ለቀቀሽ? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ ብሎ ይወጣል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ ከስታለች እያለች የምታስጨንቅሽን አክስቴን አትስሚያት። ይህን የምታነብልሽ ታናሽ እህቴም መስመር እንዳትዘል አደራ፤ ዛሬ የምጽፈው ጥፋቴን ነው።

ያ አንቺ “ሰው እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ደግሞ ትምህርት ቤት ምን ያስኬዳል?” እያልሽ የምትስቂበት ትምህርቴ፣ አንትሮፖሎጂ፣ በቅርቡ መልኩን ቀይሯል። ድሮ ተመራማሪው ሩቅ አገር ሄዶ፣ ሰዉን አይቶና ጠይቆ፣ የመሰለውን ጽፎ ውልቅ ይል ነበር። የተጻፈበት ሰው ምን እንደተባለ እንኳ አይሰማም። አሁን ግን የገዛ ሰፈራችንንም እናጠናለን፤ የጻፍነውም ለባለቤቱ ይነበብለታል፣ ይውጣልኝ ካለ ይወጣል።

እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን ስለ ሰፈራችን የልብስ አጠባ ጻፍኩ። አትሳቂ፣ ሠላሳ ገጽ ወጥቶታል! አንዱ ምዕራፍ ላይ፣ በዚህ ሰፈር ርቆ የቀረ ሰው ሸሚዝ በየቅዳሜው ታጥቦ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር ገመድ ላይ ይሰጣል ብዬ እንደ ልማድ አሰፈርኩት። ክፍል ውስጥ ሳነበው አስተማሪዬ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ይህን ስንት ቤት እንዳየሁ ጠየቀችኝ። አንድ አልኩ። የማን? የእናቴ። “ታዲያ ይሄ ልማድ አይደለም እኮ፣ እናትሽ ናት” አለችኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩና መጸዳጃ ቤት ገብቼ እንባዬን ለቀቅኩት። ወንድሜ ሄዶ ከቀረ አሥራ አንድ ዓመቱ፤ ሸሚዙን ኮሌታው እስኪሳሳ ስታጥቢለት እያየሁ አድጌ፣ እናት ሁሉ እንዲህ የምታደርግ ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩሽም። እጅጌውን ቀስ አድርገሽ የምትዘረጊውን እንኳ ሳላስፈቅድሽ ጽፌዋለሁ። ይቅር በይኝ።

ምዕራፉን አብሬ ልኬዋለሁ፤ እህቴ ታንብብልሽ። ይውጣ ካልሽ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ምርቃቴ በዓመት ቢገፋ ይገፋ፣ ካንቺ አይበልጥብኝም። ይቆይ ካልሽ ደግሞ የተሳሳትኩትን አንቺው አርሚልኝ። ብቻ እኔን ላለማስቀየም ብለሽ እሺ እንዳትይ።

አባቴን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለአክስቴ፣ እየበላሁ ነው በያት። እህቴ ስላነበበች ትመረቅልኝ። ለወንድሜም ሰላምታዬ ይድረሰው። በአራት ዓመት ደብዳቤዎቼ ሁሉ እሱን ስዘል፣ አንቺን ላለማስለቀስ ነው እል ነበር። ውሸቴን ነው፣ ፈርቼ ነው። ቅዳሜ ሸሚዙን ስታሰጪ፣ እህትህ ሰላም ብላሃለች በይልኝ።

ልጅሽ
ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
የካቲት 9 ቀን