አባባ ፖም የጠየቁ ለት

ውድ እናቴ፣ እማዬ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በጤና ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ታቃስቻለሽ ወይስ ቅባቱ ረዳሽ? አባዬስ ራስ ምታቱ ለቀቀው? ወንድሜስ መመለጡን አመነ ወይስ ዛሬም ኮፍያውን እንዳጠለቀ ይተኛል? የእኔን ከጠየቃችሁ አካሌ ደኅና ነው፤ ሌላውን ሲነበብልሽ ትደርሺበታለሽ።

ባለፈው «እንግሊዝኛው ገባሽ ወይ?» ብለሽ አስጽፈሽ ነበር። መስማቱንማ ብዙ እሰማለሁ፤ አፌን ሞልቼ የምናገረው ግን አንድ ቃል ነው። ፖም በእነሱ አፍ አፕል ይባላል። አንድ ብቻ ሲሆን ከፊቱ «አን» ይቀድመዋል፤ ሲበዛ ጭራ ያበቅልና አፕልስ ይሆናል፤ ከሰው እጅ ሲፈለግ ደግሞ «ፕሊስ» ይጨመርበታል። ፕሊስ የሌለው ሰው በዚህ ቤት አይበላም። እንዴት እንደተማርኩት ልንገርሽ።

የምጠብቃቸውን ሽማግሌ ፎቶግራፍ ልኬልሽ ነበር። እኔ አባባ እላቸዋለሁ። አናጺ ነበሩ፤ ይህን ቤት በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። አምና ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸውና ምላሳቸው አብረው ታሰሩ። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፣ መናገሩ ብቻ አቃታቸው። እመቤቴ ልጃቸው ናት። በልቤ መርፌ ነው የምላት፤ ቀጭን ናት፣ የነካችው ሁሉ ይደማል። የንግግር ሐኪሙ «ከሚወዱት ነገር ጀምሩ፣ ለጊዜው አንድ ቃል ይበቃል» ብሎ ሄደ። አባባ የሚወዱት ፖም ነው። መርፌ ከዚህ ምክር የራሷን ሕግ አወጣች፤ ቃሉን እስኪናገሩ ድረስ ፖም በአፋቸው አይዞርም አለች።

እኔንም ከጎናቸው አስቀመጠችኝ። «አንቺም አፍ የለሽም፤ አብራችሁ ተማሩ። ቀድሞ አስተካክሎ የተናገረ ይበላል» አለች። አባባ አፋቸውን ከፍተው «አ... አ...» ሲሉ ምራቃቸው ይዝረበረባል፣ እሷ ትስቃለች። የክፉ ሰው ሳቅ ቢሆን ደግ ነበር፤ ቴሌቪዥን እንደሚያይ ሰው ነው የምትስቀው። ጥቂት ቀን ቆይቶ እኔ ቀደምኩ። «ጎበዝ!» ብላ ፖሙን ሰጠችኝ። ለአባባ ልቆርስላቸው ስል እጄን ያዘችው። «ያንቺ ነው፤ እዚሁ ፊቱ ብዪው። እያየ ይቅና፣ ሲቀና ይማራል» አለች። በላሁት እማዬ። ፖም ሲገመጥ ድምፁ አይጣል ነው፣ ቤቱን ሁሉ ይሞላል። አባባ እስክጨርስ ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ስጨርስ በደኅናው እጃቸው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉልኝ፣ አይዞሽ እንደማለት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲያ እሷ ሥራ ስትሄድ ወጥ ቤት ውስጥ የራሳችንን ትምህርት ቤት ከፈትን። እኔ የማውቀው ማስተማሪያ ያንቺን ብቻ ነው፤ አብረው ሳይቀመጡ፣ ሳይካፈሉ አይበላም። ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው እቀመጣለሁ፣ ፖሙን መሐላችን አኖረዋለሁ፣ ማንም ብቻውን አይነካውም። በኛው ቋንቋ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እላቸዋለሁ፤ ምን እንደሚገባቸው እግዜር ይወቅ፣ ብቻ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቃሉ ወጣም አልወጣም ፖሙ ለሁለት ይቆረጣል። አንድ ቀን ቸኩዬ ቆሜ ባቀርብላቸው አፋቸውን ግጥም አድርገው ወንበሩን በእግራቸው ገፉልኝ። እንዲህ ያለ ጨዋ ተማሪ ማን አለው ብዬ ኮራሁ። ከሰነበትን በኋላ፣ እንደ ልማዴ ተቀምጬ ቢላዋውን ሳነሳ «አፕል» አሉ፤ ጥርት አድርገው። ቢላዋውን ጥዬ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው።

ለመርፌ ብነግራት «ያለምሽውን ታወሪያለሽ» አለችኝ። ለካ የአረጋውያን መኖሪያ ቦታ አግኝታላቸው ኖሯል። ከመኖሪያው ነርስ መጥታ ልትፈትናቸው ነው፤ የሚፈልጉትን አንድ ነገር በአፋቸው ከጠየቁ እቤታቸው ይቆያሉ፣ ካልጠየቁ ይወሰዳሉ። አባባ የዚያ ቦታ ነገር ሲነሳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እኔ ግን አልፈራሁም፤ ቃሉ አፋቸው ውስጥ ነበር።

የፈተናው ለት መርፌ «እየጠቆምሽ ታበላሺያለሽ» ብላ ከመስታወቱ በር ውጭ፣ በታጠረው ጓሮ አቆመችኝና ቆለፈችው። ነርሷ ደግ ሴት ትመስላለች። ከአባባ ጎን ተቀምጣ ቀይ ፖም አወጣች፤ ምን እንደሆነና ይፈልጉት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አባባ ፖሙን አዩት። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ያለውን ባዶ ወንበር አዩ። ፖሙን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋ አደረጉት፣ ወንበሩን በእግራቸው ነካ አደረጉና ጠበቁ። ነርሷ ደግማ ጠየቀች። እሳቸውም ደግመው ወንበሩን ገፉት። መርፌ «አየሽ? ሰውና ወንበር እንኳ አይለይም» አለቻት። መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት፤ ማን ይሰማኛል? ነርሷ ፈርማ በፊት ለፊቱ በር ወጣች።

ሲከፈትልኝ ሮጬ ገባሁና ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። መቀመጤን ሲያዩ የአባባ ፊት በራ። «አን አፕል፣ ፕሊስ» አሉ። ነርሷ ገና መኪናዋን እያስነሳች ነው፣ በመስኮት ትታያለች። ጥሪያት ብዬ ጮህኩ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደጮህኩ አላውቅም። መርፌ ሰምታቸዋለች፣ ዓይኔ እያየ ሰምታለች። ሄዳ መጋረጃውን ዘጋችና ሻንጣቸውን እንዳዘጋጅ አዘዘችኝ።

በነጋታው ሲወስዷቸው ራሳቸው የገጠሙትን የበር መቃን በግራ እጃቸው ጨምቀው ያዙ። መርፌ ጥፍሬ ይሰበራል ብላ እኔን አዘዘችኝ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። አልታገሉኝም።

እማዬ፣ አንቺን አልወቅስም ልል ነበር፤ እወቅስሻለሁ። ያስወሰዳቸው ያንቺ አስተዳደግ ነው። በመርፌ መንገድ ተምረው ቢሆን ኖሮ ለብቻቸው ጠይቀው፣ ለብቻቸው በልተው፣ ዛሬም በገዛ አልጋቸው ይተኙ ነበር።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ። ወንድሜን ፀጉር በኮፍያ አይመጣም በዪልኝ። አክስቴን ስለ ሹራቡ አመስግኚልኝ፣ ልክ ሆኖኛል። ታናሽ እህቴ እንግሊዝኛ ላኪልኝ ብላለች፤ ቃሉን አስተምሪያት፣ ከማን ጋር እንደሚበላ ግን አትንገሪያት። አንቺንም ጉልበትሽን እስማለሁ። ተቀይሜሻለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ናፍቀሽኛል።

ልጅሽ

ከሠራተኛ ክፍሌ፣ መጋቢት 19 ቀን