ዋጋው የተንጠለጠለበት ሳሎን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን

ለልጄ አባት፣ ለባለ ትልቁ ሳሎን፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ብቻዬን እየሳቅሁ ስለምሰፋ፣ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ "ምን ተገኘ?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን ተገኘ! አንተ ተገኘህ።

በስልክ ያልከውን አልረሳሁም። "ትምህርቱ ምን ያደርግላታል፣ የመጨረሻ ዓመቷን ትተወውና እኔ ጋ ትምጣ፤ ሳሎኑ ብቻውን ከናንተ ቤት ይበልጣል" ነበር ያልከው። እህትህም ጠዋት ማታ ሱቄ እየመጣች ዕድሏን አትዝጊባት ስትለኝ ከረመች። ልጅህ ሚጢም ልቧ ሸፍቶ መጻሕፍቷን ለጓደኛዋ ልታወርስ ተነሥታ ነበር። እኔ ምን እላለሁ? ያ "ሳሎኔ ነው" ብለህ የላክኸው ፎቶህ ከስፌት መኪናዬ በላይ በፍሬም ተሰቅሏል። ግራጫ ሶፋ ላይ እግርህን አጣምረህ፣ ከኋላህ መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ፣ ከጎንህ ባለ ረጅም እግር መብራት። ለስንቱ ደንበኛ አሳይቼዋለሁ መሰለህ።

እንግዲህ ስማ። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ በስልክና በኢንተርኔት የሚመጣውን ወሬና ፎቶ እንዴት እንደሚመረምሩት የሚያስተምር መምህር መድቧል። ልጆቹ "ጋሽ ከየት መጣ" ነው የሚሉት፤ ዝናብ ሊዘንብ ነው ቢሉት እንኳ ከየት መጣ፣ ማን አለ፣ ለምን አለ ሳይል አያልፍም አሉ። ሰሞኑን በቤታችሁ ማንም የማይጠራጠረውን ፎቶ አምጡ አላቸው። አንዱ ጀልባ የሚያህል ዓሣ አመጣ፤ ወዲያው ሐሰተኛነቱ ከነሠሪው ተገኘ። አንዷ አክስቷ ለዘመድ ሁሉ የላከችውን፣ ስኳር በሽታን ባንዴ ይነቅላል የተባለ ቅጠል አመጣች፤ እሱም የግቢ ማስዋቢያ ሆኖ ቁጭ አለ። የኛይቱስ? አንተን በስልኳ አንስታ ይዛ ሄደች። "ይሄን ማንም አይጥለውም" ብላኝ ነው የወጣችው፣ ደረቷን ነፍታ።

መምህሩ ፎቶህን ግድግዳው ላይ አጉልቶ አበራውና "ሰውየውን ተዉት፣ ዙሪያውን እዩ" አላቸው። ከዚያ በኋላማ ምን ልበልህ። የመደርደሪያው መጻሕፍት ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ጀርባቸው ላይ አንድ ፊደል የለም። የሶፋው እግር ላስቲኩ አልተላጠም። ከመብራቱ ደግሞ ነጭ ካርቶን ተንጠልጥላለች፤ ዋጋው ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የቤት ዕቃ መሸጫ! በሰው ሱቅ፣ በሰው ሶፋ፣ እግር አጣምሮ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አለችኝ። ዋጋዋን ገልብጦ መደበቅ እንኳ ያቅትሃል? ለመዋሸትም እኮ ትጋት ያስፈልጋል፤ እንዳንተ ያለ ሰነፍ ዋሾ አይቼ አላውቅም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተው ግን ገና ከቤት ሲወጣ ቀሎ ነበር።

ሚጢ ግን አላለቀሰችም። ሳቁ እስኪበርድ ቆማ ጠበቀችና "ፎቶው የት እንደተነሣ አወቅን። ለምን እንደተነሣ ግን አባቴን ሳልጠይቅ አልናገርም" አለች። ጋሽ ከየት መጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጠይቅ "ተቀመጪ፤ ትምህርቱ ይሄ ነው" አላት። ይህችን ልጅ እኮ እኔ ነኝ የወለድኳት! ከደስታዬ የተነሣ የደንበኛዬን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

ቤት ስትመጣ ደግሞ ክፍሉ በሳቅ ተጠምዶ ልብ ያላለውን አሳየችኝ። ከመደርደሪያው ጎን መስታወት አለ፤ ስታጎላው ባልዲና መወልወያ የጫነ ጋሪ ይታያል። ጋሪው ላይ ቡኒ ጃኬት ተንጠልጥሏል። ስትሄድ የሰፋሁልህ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የለጠፍኩበት። ሚጢ "እማ፣ ወለሉ ግን እንዴት እንደሚያበራ አየሽ?" አለችኝ። አየሁ። ወለል መወልወል ምን ነውር አለው፣ አንተ ጉረኛ? ነውሩ ልጄን ከትምህርቷ ነቅለህ፣ የራስህ ባልሆነ ሶፋ ላይ ልታስቀምጣት ማሰብህ ነው። የት ልታሳድራት ነበር፣ መብራቱ ሥር?

ስለዚህ ወዳንተ አትመጣም። ትምህርቷን ትጨርሳለች፤ መጻሕፍቷንም ከጓደኛዋ ፊት ሰብስባ መልሳለች። ለእህትህ ትናንት ማታውኑ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዛሬ ሱቄ ድርሽ አላለችም፣ ተገላገልኩ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። መጋረጃ እየሰፋሁ ልጅ ያሳደግሁ ሴትዮ፣ ከኋላህ ያለው መጋረጃ ጠርዙ እንዳልተሰፋ፣ በስፒል ብቻ ታጥፎ እንደተያዘ ያየሁት ገና ትናንት ነው። በየቀኑ ቀና እያልኩ የማየውን ፎቶ! ምን ላድርግ፣ መጋረጃውን መች አየሁት።

ሚጢ ሌላ ፎቶ ላክ ብላሃለች፣ ከነጋሪው። እስኪመጣ ድረስ ያንን ውሸታም ፎቶ አላወረድኩትም፤ ግድግዳው ባዶ ሆኖ ያስቀይማል ብዬ ነው።

ጤናህን ይስጥህ፤ ወገብህን ይጠብቅልህ፤ ልብም ይስጥህ። የጃኬቱ አንድ እጅጌ ተተርትሯል፣ በመስታወቱ ይታያል። በሌላ ክር እንዳታስጠግነው። ከዚያው ጥቅል የተረፈው እኔ ጋ አለ።

የልጅህ እናት