የመልካሙ ባለካሬ ደብተር

ቆሰበር፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአርሴማ፣

ሰላምታዬ ሐዋሳ ድረስ ይድረስሽ። ስልኬን ስለማታነሺ በወረቀት መጣሁ። ጎረቤታችን ሲሞን ለሥራ ወደዚያ ስለሚሄድ በእጁ ልኬዋለሁ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ካለፈው የካቲት አራት ልጀምር፤ ያን ቀን ዘልዬ ስለ ጎረቤት ባወራሽ ውሸት ይሆንብኛል። ማክሰኞ ነበር። በማግሥቱ የአቦ ማኅበር የእኔ ተራ ስለሆነ አንቺ ሰሐን ታጥቢ ነበር። የወንድምሽ የሥራ ባልደረባ ደጉ ከእድሩ ዳኛ ጋር መጥቶ በር ላይ ቆመ። "ግባ እንጂ፣ መልካሙ ከዳንግላ እየመጣ ነው" አልኩት። አልገባም። ዳኛው "ከዳንግላ ሲመጣ የነበረ ሚኒባስ ተገልብጧል" ሲሉኝ እንኳ አልደነገጥኩም። ጠዋት ሲወጣ "በአውቶቡስ እመለሳለሁ" ብሎኝ ነበርና ስሙን ከሚኒባሱ ላይ በልቤ ሰርዤዋለሁ። "እግዜር ያትርፋቸው" ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። አንቺ ግን የደጉን ፊት አይተሽ ሰሐኑ ከእጅሽ ወደቀ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የአንቺ መንገድ ነበር፤ አንቺ ነሽ የላክሽው" አልኩሽ። የትምህርት ማስረጃሽን ሊያመጣልሽ ነበር የሄደው። አንድ ቃል አልመለስሽልኝም። ዐርባው እንደወጣ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ሄድሽ።

መስከረም ላይ ደጉ የመልካሙን ዕቃ ከትምህርት ቤት አመጣልኝ። ውስጡ ያ ለተማሪዎቹ እንቆቅልሽ የሚያዘጋጅበት ባለካሬ ደብተር አለ። ለልጆቹ ከመስጠቱ በፊት በእኔ ይሞክረው እንደነበር ታስታውሻለሽ። "እማ፣ አንቺን ከገባሽ ለአምስተኛ ክፍል ይሆናል" ሲለኝ "ይሄ ስድብ ነው ምርቃት?" እለው ነበር። አንቺ ደግሞ ከጓዳ "ተዋት፣ ላጲሱን ጨረሰችው እኮ" ትይው ነበር።

የመጀመሪያው ስለ ሦስት ነጋዴዎች ነው። ደጉ (ለአንዱ የባልደረባውን ስም ሰጥቶት ነው)፣ አድማሴና ቤዛዊት ከአዘና፣ ከአዲስ ቅዳምና ከዳንግላ መጥተው ከሰል፣ ማርና ድንች ሸጡ። ማን ከየት መጥቶ ምን ሸጠ ነው ጥያቄው። ፍንጮቹ አራት ናቸው፤ ደጉ የአዘና ሰው ነው፣ ደጉ ድንች ሸጠ፣ ቤዛዊት የአዲስ ቅዳም ሰው አይደለችም፣ አድማሴ ማር ሸጠ። ያኔ ፍንጮቹን ሳልጨርስ ከሰልን ከአዲስ ቅዳም ጋር አገናኝቼ ራይት አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አልገጥም አለኝ። አድማሴን የአዲስ ቅዳም ሰው ሳደርገው ማሩ እምቢ አለ። አንድ ጠዋት ሙሉ ሳጠፋና ስጽፍ ወረቀቱ ተቀደደ።

"እማ፣ ከሰሉ የአዲስ ቅዳም ነው ያለሽ ማነው?" አለኝ።

"አገር የሚያውቀውን!"

"አገር ያውቃል። ወረቀቱ ግን አላለም።"

ቤዛዊት ከሰሏን ከዳንግላ አምጥታ ኖሯል። እኔው ከቤቴ ያመጣሁትን ፍንጭ እሱ የሰጠኝ መስሎኝ ደከምኩ።

ሌላም ጠይቄው ነበር። "አድማሴ ማርም ድንችም ቢሸጥስ?" ስለው ሳቀና፣ "በገበያ ይችላል። እዚህ ግን ለአንድ ሰው አንድ ራይት ብቻ ብለን ተስማምተናል። ሳንስማማ ከጀመርን ሰንጠረዡ ያታልለናል" አለኝ። ያኔ ነገሬም አላልኩት።

ደብተሩ ከመጣ ወዲህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እሠራለሁ። አርባ አንድ ናቸው፤ አሥራ አራቱን ጨርሻለሁ። በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ "ያልተባለ ነገር ጨምረሃል?" ብሎ ጽፏል። ለተማሪዎቹ ነው። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ድንኳኑ ትዝ ይለኛል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በራሴ እጅ አንድ ሰንጠረዥ አሰመርኩ። ወንድምሽን በዚያ መኪና ውስጥ ማን አስቀመጠው ብዬ፣ በአንድ በኩል አንቺን፣ ሾፌሩን፣ ዝናቡን ጻፍኩ። አንቺ ላይ ራይት ልታደርግ የሄደችው እጄ ቆመች። ለምን ሦስት ስም ብቻ? ሰንጠረዡን ያሰመረችው ሴትዮ የት አለች? እንዳለች እንኳ ሳላስበው አሥር ወር ሙሉ ስሞላው ኖሬያለሁ።

ስለዚህ ማሪቱ ብዬ የራሴን ስም አራተኛ መስመር ላይ ጨመርኩ።

ያን ቀን አንቺ ልትሄጂ ጫማሽን አድርገሽ ነበር። "ለማኅበሩ ሰው ያንሰኛል፣ እሱ ዕረፍት ላይ ነው፣ እሱ ይሂድ" ብዬ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ድንኳን ውስጥ ስናገርሽ ለሰው ሁሉ ልትነግሪብኝ ትችዪ ነበር፤ አፍሽን ይዘሽ ዝም አልሽልኝ። ዝምታሽን ጥፋትሽን ማመን አድርጌ ቆጠርኩት። ይህም ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ነገር ነው።

አንቺ የማታውቂው ደግሞ አለ። ከቀትር በኋላ ደወልኩለት። "አውቶቡሱ ገና ሰው እየጠበቀ ነው" አለኝ። "ቶሎ ና እንጂ፣ አግዳሚ ወንበሩን የሚያወጣልኝ ሰው የለም" አልኩት። "እሺ እማ፣ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ" አለና ስልኩን ዘጋው። ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ላንቺ የመጀመሪያዬ ነው።

አራቱን ስም ፊት ለፊት አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ። አንቺን ሳጠፋ እኔ ቀረሁ። እኔ ላይ ራይት ላደርግ ስል ደግሞ የእሱ ሳቅ መጣብኝ። ለአንድ ሞት አንድ ጥፋተኛ ይኑር ብሎ የተስማማ ማን ነው? ፍንጮቹ ውስጥ የለም። አንቺ ወንድምሽን አመንሽ፣ እኔ እርዳታ ፈለግሁ፣ እሱ እናቱን ሰማ፣ መንገዱ ደግሞ ረጥቦ ነበር። እርሳሱን አስቀመጥኩት። ሰንጠረዡ ባዶውን አለ።

ልጄ፣ ይቅር በይኝ። በሰው ፊት የተናገርኩሽን በሰው ፊት እመልሰዋለሁ። ሙት ዓመቱ የካቲት አራት ነው፤ በዚያ ድንኳን የሰማው ሰው ሁሉ ይመጣል። ከአጠገቤ ቁሚና የጻፍኩልሽን ሁሉ በአፌ ልናገር። ባትመጪም እናገራለሁ። ብትመጪ ግን እግሬ ይጸናል።

የቀሩትን ሃያ ሰባት እንቆቅልሾች ደግሞ ብቻዬን አልወጣቸውም። አዲስ ላጲስ ይዘሽልኝ ነይ።

እመቤቴ በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ። ያሳዘንኩትን ልብሽን እሷ ትጠግንልኝ።

እናትሽ ማሪቱ እንየው

ይህን ደብዳቤ የምታነቡት ሁሉ፣ አንቺም፣ አብረውሽ የሚኖሩት ልጆችም፣ በመንገድ ከፍቶ ያነበበውም ካለ፣ ለመልካሙ ነፍስ ይማር በሉልኝ። ስትጸልዩለት በክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል በሉት።